በ6 ድምፅ ያለቀ ምርጫ፦ የአዮዋ ሁለተኛው የኮንግረስ ምርጫ ክልል

ጉዳዩ በአጭሩ

በኖቬምበር 2020 በአዮዋ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ አንድ የኮንግረስ ወንበር በ6 ድምፅ ልዩነት ተወሰነ። ሪፐብሊካኗ ዕጩ 196,964 ድምፅ አገኙ፤ ዴሞክራቷ ደግሞ 196,958። ከዚያ በኋላ ለአራት ወራት ክርክር ተካሄደ። ክርክሩ እስከ ዋሽንግተን ደርሶ በመጨረሻ ያለ ብይን ተዘጋ።

ይህን ጉዳይ መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩት የድምፁ ማነስ ስለገረመኝ ብቻ አይደለም። አንድ ምርጫ ሲያጨቃጭቅ ሰው ሁሉ ስለ ማሸነፍና ስለ መሸነፍ ነው የሚያወራው። እዚህ ጉዳይ ውስጥ ግን 22 መራጮች አሉ። ድምፃቸው በስህተት ሳይቆጠር ቀርቷል ተብሎ አቤቱታ ቀረበላቸው፤ ተገቢ ነው ወይም አይደለም የሚል መልስ ግን እስከ ዛሬ ከማንም አላገኙም። የነገሩ እምብርት ለእኔ እሱ ነው።

የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ስማቸውን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው አይጠፋውም፤ እዚህ የሚያስፈልገን ግን አሠራሩ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክልሉና ወኪሎቹ

አዮዋ የበቆሎ፣ የአኩሪ አተርና የአሳማ እርባታ አገር ነው። ሁለተኛው የምርጫ ክልል በዚያን ጊዜ 24 ካውንቲዎችን (ግዛቲቱ የተከፋፈለችባቸውን የአስተዳደር ወረዳዎች) ይዞ ከሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ምዕራብ ይዘረጋ ነበር። በወንዙ ዳር ዳቨንፖርት፣ ክሊንተን፣ መስካቲንና በርሊንግተን አሉ። መሃል ላይ አዮዋ ሲቲ አለች፤ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ስለሆነች ካውንቲዋ ጆንሰን በብዛት ለዴሞክራት ይመርጣል። የቀረው ትናንሽ ከተማና እርሻ ነው።

አዮዋ ከሌሎች ግዛቶች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የምርጫ ክልሎችን ካርታ የሚያረቀው ፓርቲ አይደለም፤ ከወገን ነፃ የሆነ የሕግ አውጪው አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። በኮንግረስ ካርታ ላይ አንድ ካውንቲ ለሁለት አይቆረጥም። ስለዚህ እዚህ የተቀራረበ ውጤት ሲመጣ «ካርታው ተቆራርጦብን ነው» ብሎ ማማረር አይቻልም። የተቀራረበው ሕዝቡ ራሱ ስለተቀራረበ ነው።

የወኪሎቹ ታሪክም የዚህን ሕዝብ ጠባይ ያሳያል። አንድ ለዘብተኛ ሪፐብሊካን ከ1977 ጀምሮ ለ30 ዓመታት ይህን አካባቢ ወከሉ። ለዕጩዎች ገንዘብ ከሚያሰባስቡ የፖለቲካ ኮሚቴዎች ገንዘብ አይቀበሉም ነበር። በ2002 የኢራቅን ጦርነት ከተቃወሙት 6 የምክር ቤቱ ሪፐብሊካኖች አንዱም እሳቸው ናቸው። በ2006 አንድ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር አሸነፏቸው። እኚህ መምህር ለቅድመ ምርጫው የሚበቃ ፊርማ እንኳ ማሰባሰብ አልቻሉም ነበር፤ ዕጩ የሆኑት በፓርቲው የክልል ጉባኤ ተመርጠው ነው። ከዚያ በኋላ ለ14 ዓመታት ወንበሩን አልለቀቁም።

በመካከል ግን መሬቱ ከሥር ይንሸራተት ነበር። የኒውተን ከተማን ውሰዱ። ሜይታግ የተባለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ኩባንያ ለብዙ ትውልድ የከተማዋ እንጀራ ነበር። በ2006 ዊርልፑል ገዛው፤ በ2007 የኒውተን ፋብሪካ ተዘጋ። በኦቱምዋና በሚሲሲፒ ዳር ባሉ የፋብሪካ ከተሞችም በማኅበር የተደራጀው ሠራተኛ ከዴሞክራቶች ጋር የነበረው የቆየ ትስስር እየላላ ሄደ። በ2012 ክልሉ ኦባማን በሰፊ ልዩነት መረጠ። በ2016 ትራምፕ በ4 ነጥብ ገደማ አሸነፉበት። ያው ሕዝብ በዚያው ቀን ዴሞክራቱን መምህር መልሶ ወደ ኮንግረስ ላከ። በፕሬዚዳንቱ ላይ ፓርቲ ቀይሮ በወኪሉ ላይ ያልቀየረ መራጭ በብዛት ነበር ማለት ነው።

በ2019 መምህሩ ድጋሚ አልወዳደርም አሉ። ወንበሩ ባለቤት አጣ።

ሁለቱ ዕጩዎች

ሪፐብሊካኗ የዓይን ሐኪምና የቀድሞ የጦር ሠራዊት አባል ናቸው። ለዚሁ ወንበር በ2008፣ በ2010ና በ2014 ተወዳድረው ሦስቱንም ጊዜ ተሸንፈዋል። በመሃል የግዛቲቱን የጤና መሥሪያ ቤት መርተዋል፤ በ2018 ለግዛቲቱ ሴኔት ተመርጠዋል። ዴሞክራቷ ደግሞ ገበሬና መምህርት ነበሩ፤ እሳቸውም በግዛቲቱ ሴኔት አገልግለዋል፤ በ2018 ለምክትል አገረ ገዥነት ተወዳድረው አልተሳካላቸውም። ሁለቱም አካባቢው የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው።

የቆጠራው ሰሞን

ምርጫው ባበቃ ማግስት ሪፐብሊካኗ በ282 ድምፅ ይመሩ ነበር። ከቀናት በኋላ በጃስፐር ካውንቲ የአንድ ጣቢያ ቁጥር በስህተት መመዝገቡ ታወቀ። ሲስተካከል ዴሞክራቷ በ162 መሪ ሆኑ። ቀጥሎ በሉካስ ካውንቲ የአንድ ጣቢያ ውጤት በትክክል አለመግባቱ ተደረሰበት። ሲታረም ሪፐብሊካኗ እንደገና ፊት መጡ። ካውንቲዎቹ ውጤታቸውን አጣርተው ሲጨርሱ ልዩነቱ 47 ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ሁለቱም ስህተቶች የሰው ስህተት ናቸው፤ የተሳሳተ ቁጥር ማስገባት ወይም ማስገባት የነበረበትን አለማስገባት። የተገኙትም ሥርዓቱ ራሱን ሲፈትሽ ነው። አንዱ ስህተት ለአንዷ፣ ሌላው ለሌላዋ ጠቀመ። ሁለቱም ካውንቲዎች ስህተታቸውን በአደባባይ ተናገሩ። በዚያ ወቅት አገሪቱ በሙሉ በማጭበርበር ክስ ትናጥ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ድጋሚ ቆጠራው

ዴሞክራቷ በ24ቱም ካውንቲዎች ድጋሚ ቆጠራ ጠየቁ። ሕጉ ይፈቅዳል። የችግሩ ሥር ያለው ግን ሕጉ ቆጠራው እንዴት እንደሚካሄድ ባስቀመጠበት መንገድ ላይ ነው።

በጊዜው የአዮዋ ሕግ በእያንዳንዱ ካውንቲ 3 አባላት ያሉት የድጋሚ ቆጠራ ቦርድ ያቋቁማል። አንዱን አባል አንዷ ዕጩ ትመርጣለች፣ ሁለተኛውን ሌላዋ፣ ሦስተኛውን በስምምነት። ከ90,000 በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት በስኮት ካውንቲም 3 ሰው፣ ጥቂት ሺህ ድምፅ ብቻ ባለበት በዌይን ካውንቲም 3 ሰው። ቀነ ገደቡ ግን ለሁሉም እኩል ነው።

በዚህ ላይ እያንዳንዱ ቦርድ የቆጠራውን ዘዴ ራሱ ይወስናል። በእጅ መቁጠር ይችላል፤ ወረቀቱን መልሶ በማሽን ማሳለፍ ይችላል፤ ሁለቱን ማደባለቅም ይችላል። ትርጉሙን ለማየት አንድ ወረቀት በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙ። መራጩ ክቧን በማጥቆር ፋንታ የዕጩዋን ስም አክብቧል እንበል። ማሽኑ ያንን ሲያይ «ያልተመረጠ» ብሎ ያልፋል። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ አድርገው ሲያዩት ግን ሰውየው ማንን እንደፈለገ ግልጽ ነው፤ ይቆጠራል። ስለዚህ ይኸው ወረቀት በአንዱ ካውንቲ ድምፅ ነው፣ በጎረቤቱ አይደለም። ልዩነቱ 5,000 ቢሆን ማንም አያስበውም። ልዩነቱ 47 ሲሆን ግን ምርጫው ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

በስኮት ካውንቲ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። በቅድሚያና በፖስታ የተሰጠው ድምፅ ሲቆጠር ከመጀመሪያው ቆጠራ ከመቶ በላይ የበለጠ ወረቀት ተገኘ። ከየት መጣ? ቀኑ እያለቀ ስለነበር እስከ ሥሩ ተጣርቶ አላለቀም። ቦርዱ ያገኘውን ይዞ ዘጋ።

ሁሉም ካውንቲ ሲጠቃለል ልዩነቱ ከ47 ወደ 6 ወርዶ ነበር። በኖቬምበር 30 የምርጫ ውጤት የሚያጸድቀው የግዛቲቱ ቦርድ ውጤቱን አጸደቀ።

የት ይከሰስ?

የዴሞክራቷ ወገን ጠበቆች ድጋሚ ቆጠራው ያልነካቸውን ወረቀቶች ለቀሙ። 22 አገኙ። ሁለቱ በስኮት ካውንቲ መኪናቸው ውስጥ ሆነው የመረጡ ሰዎች ድምፅ ነበር፤ ወደ ማሽኑ ሳይገባ ቀርቷል። ሌሎቹ ደግሞ ፖስታው በደንብ አልታሸገም፣ ፊርማው በቦታው የለም በሚሉና በመሰል ምክንያቶች የተጣሉ ናቸው። እነሱ እንዳሰሉት 22ቱ ቢቆጠሩ ዴሞክራቷ በ9 ድምፅ ያሸንፋሉ።

ይህን የሚሰማ ዳኛ በአዮዋ ነበር። በሕጉ መሠረት የኮንግረስ ምርጫ ክርክር የሚያየው የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ከአራት የአውራጃ ዳኞች ጋር የሚሰየምበት ችሎት ነው። ችሎቱ ግን ብይኑን እስከ ዲሴምበር 8 መስጠት ነበረበት። ውጤቱ የጸደቀው ኖቬምበር 30 ነው። አንድ ሳምንት ብቻ! የዴሞክራቷ ወገን በዚህ ጊዜ ወረቀት ማጣራት አይቻልም አለ፤ አቤቱታውንም ለችሎቱ አላቀረበም።

በምትኩ በዲሴምበር 22 በ1969 የወጣውን የፌዴራል የተጨቃጨቀ ምርጫ ሕግ ጠቅሶ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 5 እያንዳንዱ ምክር ቤት የአባላቱን ምርጫ ራሱ እንዲዳኝ ሥልጣን ይሰጠዋል። በሕግ ረገድ መንገዱ ክፍት ነው። ክብደቱ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ዳኛው የፓርቲ ሰዎች ናቸው፣ አብላጫውን የያዙትም የከሳሿ ፓርቲ ሰዎች ናቸው።

በእኔ ግምት ጉዳዩ የተሸነፈው እዚህ ነው። የአንድ ሳምንት ችሎት ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም አቤቱታውን አስገብቶ «ጊዜ አጠረኝ» የሚል መዝገብ ይዞ መውጣት ይቻል ነበር። የቅርቡን ዳኛ ዘሎ ወገኑ ወደሚበዛበት ሸንጎ የሄደ ከሳሽ፣ እውነት ቢይዝ እንኳ ጆሮ አያገኝም።

በዋሽንግተን የሆነው

ሪፐብሊካኗ በጃንዋሪ 3፣ 2021 በጊዜያዊነት ወንበራቸውን ያዙ። ዴሞክራቶች በዚያን ጊዜ በ222 ለ211 በጠባብ ይመሩ ነበር፤ አንድ ወንበር ብዙ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ የኮንግረሱ ሕንፃ ካፒቶል የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ውጤት ባልተቀበሉ ሰዎች ተወረረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዴሞክራቶች ሌት ተቀን ይሉት የነበረው ግዛቶች ያጸደቁት ውጤት ይከበር የሚል ነው። አሁን ደግሞ አንድ ግዛት ያጸደቀውን ውጤት እንዲሽሩ ተጠየቁ።

በማርች 10 የምክር ቤቱ የአስተዳደር ኮሚቴ ክሱ ውድቅ ይሁን የሚለውን ጥያቄ በ6 ለ3 ወደ ጎን አደረገው። ድምፁ ሙሉ በሙሉ በፓርቲ መስመር ነበር። ወዲያው ከዴሞክራቶቹ መካከል ማጉረምረም ተነሳ። አንድ የሚኒሶታ ዴሞክራት በ6 ድምፅ መሸነፍ ለፓርቲው እንደሚያም፣ በምክር ቤት መገልበጡ ግን ለአገሪቱ የባሰ እንደሚያም በአደባባይ ተናገሩ። ሌሎችም ተከተሏቸው።

ብዙዎቹ የሚያስታውሱት ታሪክ ነበራቸው። በ1984 በኢንዲያና ስምንተኛ ክልል፣ በኤቫንስቪል አካባቢ፣ ግዛቲቱ ሪፐብሊካኑን በ34 ድምፅ አሸናፊ አድርጋ አጸደቀች። የዴሞክራቶቹ ምክር ቤት ግን አላስቀምጥም ብሎ የራሱን ቆጠራ አስቆጠረ፤ ዴሞክራቱ በ4 ድምፅ አሸነፉ ተባለ። በሜይ 1985 ሲቀመጡ ሪፐብሊካኖቹ ተነስተው አዳራሹን ጥለው ወጡ። እዚያም ሳይቆጠሩ የቀሩ በፖስታ የተላኩ ድምፆች ነበሩ፤ ጠቡም የትኛው ይቆጠር፣ የትኛው ይቅር በሚለው ላይ ነበር። ያ ቂም በምክር ቤቱ ውስጥ ለዓመታት ዘልቋል።

በማርች 31፣ 2021 ዴሞክራቷ አቤቱታቸውን አነሱ። ምክር ቤቱ 22ቱን ፖስታዎች አልከፈተም። የአዮዋ ችሎትም አልተጠየቀም።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው ነገር ብዙ ነው። የወረቀት ድምፅ ነበር፤ ስለዚህ መልሶ የሚቆጠር ነገር ነበር። የጃስፐርና የሉካስ ስህተቶች በቀናት ውስጥ ተገኝተው ታረሙ። በ24 ካውንቲ የተቀመጡት የቦርድ አባላት፣ በተቃራኒ ወገኖች የተመረጡ ሆነው፣ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ወደ 394,000 የሚጠጋ ድምፅ አለፉ። ዴሞክራቷም ጉዳዩ እንዳበቃ ሲያዩ አቆሙ፤ ደጋፊዎቻቸውን ለአመፅ አልጠሩም። ይህንን በቅንነት ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ያልሠራው የቆጠራው ደንብ ነው። አንድ ምርጫ፣ 24 ዓይነት አቆጣጠር። የችሎቱ ቀነ ገደብም በተግባር ማንም ሊጠቀምበት የማይችል በር ሆኖ ቀረ። ሁለቱም ፓርቲዎች ደግሞ መርሕ ሲጠቅማቸው አነሱት፤ ሲያስቸግራቸው ደግሞ ዝም አሉ። ሪፐብሊካኖች የግዛቲቱን ማጽደቅ አክብሩ ሲሉ ብዙዎቹ በዚያው ጃንዋሪ ሌሎች ግዛቶች ያጸደቁትን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ተቃውመው ነበር። ዴሞክራቶች እያንዳንዱ ድምፅ ይቆጠር ሲሉ ደግሞ መቁጠሩን ለራሳቸው ኮሚቴ ሊሰጡ ነበር። በመሃል የቀሩት 22 ሰዎች ናቸው።

ለሌላ ቦታ የሚጠቅም

የመጀመሪያው ትምህርት ለሕግ አውጪዎች ነው። የድጋሚ ቆጠራ ዘዴ የሚወሰነው ማን እንደሚጠቀም ሳይታወቅ፣ ከምርጫው በፊት መሆን አለበት። አዮዋም ከዚህ በኋላ በ2022 ሕጉን አሻሻለች፤ በትልልቅ ካውንቲዎች የቦርዱ አባላት ቁጥር ጨመረ። ዘግይቶም ቢሆን ትክክለኛ እርምጃ ነው።

ሁለተኛው ለተሸናፊ ወገን ጠበቆች ነው። ጊዜ የሚያጥር ከሆነ አቤቱታው ከመጽደቁ ቀን በፊት ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። የቆጠራው ልዩነት 47 መሆኑ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ክርክር እንደሚኖር ማንም ያውቅ ነበር።

ሦስተኛው ለመራጩ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቀውም ለዚህ ነው። በሚኒሶታም፣ በኦሃዮም፣ በቨርጂኒያም ያሉ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ አዲስ ዜጎች በፖስታ ነው የሚመርጡት። ሥራ ሁለት ፈረቃ ከሆነ፣ ልጅ ካለ፣ ፖስታ ይቀላል። ግን ፖስታው ላይ የሚፈረምበት ቦታ አለ። መታሸግ ያለበት የትኛው እንደሆነ ተጽፏል። አንዳንድ ግዛት የምስክር ፊርማም ይፈልጋል። የመድረሻ ቀኑም ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ አዮዋ ራሷ በ2021 ባወጣችው ሕግ ፖስታው የምርጫው ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር 8 ሰዓት፣ ሳይሞላ መድረስ አለበት ብላለች። ከዚያ በፊት የተላከበት ቀን ማኅተም ይበቃ ነበር። ስለዚህ እናትና አባታችሁ ፖስታውን ሲሞሉ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። መመሪያውን አንብቡላቸው፤ ምርጫውን ግን ለእነሱ ተዉ። ከላካችሁ በኋላ መድረሱንና ተቀባይነት ማግኘቱን ብዙ ግዛቶች በኢንተርኔት ያሳያሉ፤ ግቡና እዩ። ችግር ካለ ቀኑ ሳያልፍ የማስተካከያ ዕድል የሚሰጡ አሉ።

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ይህን ንገሩት፤ የዚህ ክልል ታሪክ በ2020 አላቆመም። አዲሱ ካርታ ሲወጣ ሪፐብሊካኗ በአንደኛው ክልል ተወዳደሩ። በ2022 በምቾት አሸነፉ። በ2024 ደግሞ ከ400,000 በላይ ድምፅ በተሰጠበት ምርጫ ድጋሚ ቆጠራ ተጠየቀ፤ ሪፐብሊካኗ በ799 ድምፅ ልዩነት ማሸነፋቸው ጸደቀ።